ጀማሪዎች በበጎ አድራጎት ስም ሲሮጡ፦ የገንዘቡና የጉልበቱ ሒሳብ

በ2025 የለንደን ማራቶን የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ገብታ አሸነፈች። እሷ ሽልማቷን ተቀብላ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ምሳዋን ከበላች በኋላም ከኋላ የሚመጣው ሰልፍ አላለቀም ነበር። በዚያን ዕለት 56,640 ሰዎች ሩጫውን ጨርሰዋል፤ ከሩጫው ጋር ተያይዞ ለበጎ አድራጎት የተሰበሰበውም 87.3 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ገንዘቡን ያመጣው ታዲያ ያ የኋላው ሰልፍ ነው። ከሰልፈኛው መካከል ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጠው፣ እንዲያውም ሩጫ የሚባል ነገር የጀመረው ገና ባለፈው ዓመት የሆነው ቀላል አይደለም።

ሮጦ የማያውቅ ሰው «ለዚህ ዓላማ እሮጣለሁ፤ እናንተ ደግሞ አዋጡ» ብሎ ወዳጅ ዘመዱን የሚለምንበት ይህ ልማድ ብዙ ጥያቄ አስነስቷል። ሰው ለላብ ለምን ይከፍላል? ጀማሪው በጥቂት ወራት ልምምድ ረጅም ርቀት መሮጡ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ገንዘቡ በቀጥታ ቢሰጥ አይሻልም ወይ? ኢኮኖሚስቶች፣ ሐኪሞችና የማኅበረሰብ አጥኚዎች እያንዳንዳቸው የጥያቄውን አንድ ጎን ይዘው ቆይተዋል። ይህ ዳሰሳ ጎኖቹን አቀራርቦ ለማየት ይሞክራል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆኑ ይጠቀሳሉ።

ከየት ተነሣ?

ሩጫው ከመምጣቱ በፊት የእግር ጉዞ ነበረ። በ1967 ካናዳ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር «ማይልስ ፎር ሚሊየንስ» የተባሉ የእግር ጉዞዎች በየከተማው ተጀመሩ። ተጓዡ አንድ ወረቀት ይዞ ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውንና ዘመዱን ያስፈርማል። በወረቀቱ ላይ ስም፣ ለእያንዳንዱ ማይል የሚከፈለው ሳንቲምና ፊርማ ይሰፍራል። ጉዞው ሲያልቅ ያንኑ ወረቀት ይዞ በየበሩ እየዞረ ቃል የተገባለትን ይሰበስባል። በዚህ ሥርዓት ገንዘቡ ከርቀቱ ጋር ታስሯል፤ ብዙ የሄደ ብዙ ያመጣል። ዛሬ ያ ማሰሪያ ተበጥሷል ማለት ይቻላል፤ የአሁን ለጋሽ ሯጩ ገና ልምምድ ላይ ሳለ በስልኩ ከፍሎ ይጨርሳል። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነገር ይከተለዋል።

ለዘመናዊው ልማድ መልክ የሰጠው ግን ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ ነው። በ1977 በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ሚያዝያ 12 ቀን 1980 ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ በሰው ሠራሽ እግር በየቀኑ የአንድ ማራቶን ያህል እየሮጠ አገሩን ሊያቋርጥ ጀመረ። በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ተገኘና ሰንደር ቤይ ከተባለች ከተማ አቅራቢያ አቆመ፤ በሰኔ 1981 አረፈ። ምኞቱ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ማግኘት ነበር፤ ከመሞቱ በፊት ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ ምኞቱ ሲደርስ አይቷል።

የፎክስ ታሪክ ሲነገር አንድ ነገር ይዘለላል። ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ሲለማመድ ቆይቷል፤ በልምምድ ብቻ የሮጠው ከ5,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። «ፈቃዱ ካለ እግር ይከተላል» የሚሉ ሰዎች ስሙን ይጠሩታል እንጂ፣ የእሱ ምሳሌ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። የሚሉትን የሚደግፍላቸው የብሪታንያው ኮሜዲያን ኤዲ ኢዛርድ ይሆናል፤ በ2009 ከጥቂት ሳምንታት ዝግጅት በኋላ በ51 ቀናት 43 ማራቶኖችን ሮጦ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አሰባስቧል። እንዲህ ያለው ግን ሐኪምና አጃቢ እየተከተለው ቴሌቪዥን የሚቀርጸው ሰው ነው።

በአፍሪካ ስም የተደረገው ትልቁ ሩጫ ከእኛ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱ ድርቅ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ ለተራቡት በሙዚቃ ገንዘብ ያሰባሰበው ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ከሙዚቃው ወደ ስፖርቱ ተሻገረና «ስፖርት ኤድ» ተዘጋጀ። ሱዳናዊው ሯጭ ኦማር ኸሊፋ ሱዳን ውስጥ ካለ የስደተኞች መጠለያ ችቦ ለኩሶ፣ የአውሮፓ ከተሞችን አቋርጦ ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደጃፍ ደረሰ። ግንቦት 25 ቀን 1986 በዓለም ዙሪያ በ274 ከተሞች ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በአንድ ቀን ወጥቶ ሮጠ። ለረሃብ መርጃ የተገኘው ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለሯጩ ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ዶላር እንኳ አይሞላም።

ብዛት ወይስ ቃል?

ሁለት ዶላሩን ከሌላ ቁጥር ጋር እናስተያየው። በ1988 ብሩስ ክሌላንድ የተባለ አሜሪካዊ፣ ልጁ በደም ካንሰር ታማበት፣ 38 ሰዎችን አሰልፎ የኒውዮርክ ማራቶንን ሮጠ። 322,000 ዶላር ሰበሰቡ፤ ለአንድ ሰው ከ8,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። «ቲም ኢን ትሬኒንግ» የሚባለው ፕሮግራም ከዚህ ተወለደ። ነገሩን አዲስ ያደረገው ለጀማሪው አሠልጣኝ፣ የልምምድ መርሐ ግብርና አብሮት የሚሮጥ ቡድን መሰጠቱ ነው፤ በምላሹ ጀማሪው የተወሰነ ገንዘብ ሊያመጣ ቃል ይገባል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ሆነ። አንደኛው የብዛት መንገድ ነው፦ ርቀቱ አጭር፣ መግቢያው ርካሽ፣ ሰዓት የማይያዝበት፣ መራመድም የሚፈቀድበት። የብሪታንያው የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1994 ለንደን ባተርሲ ፓርክ ውስጥ የጀመረው «ሬስ ፎር ላይፍ» ከዚህ ወገን ነው። መጀመሪያ 680 ሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሄደው 36,000 ፓውንድ አመጡ፤ ኋላ በመላ አገሪቱ ተስፋፋና እስከ 2019 ድረስ የሴቶች ብቻ ሆኖ ቆየ። በቴሪ ፎክስ ስም በየመስከረሙ የሚደረገው ሩጫም መግቢያ አያስከፍልም፣ ዝቅተኛ መዋጮም አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ መንገድ በልክ የተሰፋ ይመስላል።

ሁለተኛው የቃል መንገድ ነው፤ ለጀማሪ የከበደውም እሱ ነው። የለንደን ማራቶን በ1981 ክሪስ ብራሸርና ጆን ዲዝሊ ሲመሠርቱት እንደማንኛውም ውድድር ነበር። ከ1993 ጀምሮ ግን «ጎልድ ቦንድ» የሚባል አሠራር መጣ። በጎ አድራጎት ድርጅቱ የመሮጫ ቦታዎችን በጥቂት መቶ ፓውንድ ሒሳብ ከአዘጋጁ ይገዛል፤ ቦታውን ለሯጭ ይሰጣል፤ ሯጩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 2,000 ፓውንድ ገደማ ሊያመጣ ይፈርማል። ለ2026ቱ ውድድር ዕጣ የገባው ከ1.13 ሚሊዮን ሰው በላይ ስለሆነ በዕጣ መግባት ሲበዛ ጠባብ ነው። ስለዚህ ፈራሚው ሁሉ ለዓላማው የመጣ ሊባል አይችልም። ለንደንን መሮጥ ፈልጎ በሩ በዚህ በኩል ብቻ ክፍት ሆኖ ስላገኘው የፈረመም አለ። ድርጅቶቹ ይህን ያውቃሉ፤ በዚያ አይቀየሙም።

በለንደን የ2025 ገንዘብ ለጨራሾቹ ሲካፈል ለአንድ ሰው 1,500 ፓውንድ ይደርሳል። አማካይ ግን ብዙ ይሸፍናል፤ አንዱ አሥር ሺህ ሲያመጣ ሌላው ለዓላማ ሳይሆን ለራሱ ብቻ ሮጧል። ቢሆንም ከስፖርት ኤድ ሁለት ዶላር ጋር ሲቀመጥ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የቃል መንገድ ከአንድ ሰው ብዙ ያወጣል፤ በዚያው መጠን ያንን ሰው ያስራል።

ላብ ለምን ገንዘብ ያወጣል?

አንድ ኢኮኖሚስት ቢጠየቅ፣ ለጋሽ ለዓላማው ይስጥ እንጂ ሰጪውን የለመነው ሰው ጉልበቱ መቁሰሉ ምን ይጨምርለታል ይላል። ክሪስቶፈር ኦሊቮላና ኤልዳር ሻፊር በ2013 ያሳተሙት ጥናት የሰው አእምሮ እንዲህ እንደማያስብ አሳየ። ተሳታፊዎች ለበጎ አድራጎት የሚሰጡት ከቀላል ጉዳይ፣ ለምሳሌ ከሽርሽር ጋር ሲያያዝ ጥቂት ለመስጠት ይስማማሉ፤ ሕመምና ድካም ካለበት ነገር ጋር ሲያያዝ የበለጠ ይሰጣሉ። ተመራማሪዎቹ «የሰማዕትነት ውጤት» አሉት። ውጤቱ የሚጠነክረው ዓላማው የሰው ሥቃይ ሲሆን ነው፤ ለመናፈሻ ማሠሪያ ሲሆን ይደክማል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ድካሙ ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው፤ ማስረጃው የሚሳሳውም እዚህ ላይ ነው። ሕመም ስጦታ ይጨምራል ማለት ማራቶን ከ10 ኪሎ ሜትር አራት እጥፍ ያመጣል ማለት አይደለም። ለጋሹ የሚያየው የሮጠውን ሰው ልክ ይመስለኛል። በየሳምንቱ ግማሽ ማራቶን የሚሮጥ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው ብሎ ቢለምን ወዳጆቹ ይስቁበታል። ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ የሃምሳ ዓመት ሰው ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር ሲል ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ይህ ከሆነ ጀማሪነት ራሱ ሀብት ነው፤ ሀብቱም በመጀመሪያው ሩጫ ነው የሚወጣው። ድርጅቶች ጀማሪን ወደ ማራቶን ሲገፉ ይህን ሀብት በውድ የሚሸጡ ይመስላቸዋል። በርካሽ ርቀትም ሊሸጥ እንደሚችል አይፈትሹም።

ሳራ ስሚዝና ባልደረቦቿ በ2015 ያሳተሙት ሌላ ጥናት የ2010 የለንደን ማራቶን ሯጮችን የመዋጮ ገጾች መረመረ። እንዲህ ባለው ገጽ ላይ ስጦታዎቹ በቅደም ተከተል፣ ከነስማቸውና ከነመጠናቸው ይታያሉ። ከእኔ በፊት የሰጡት በአማካይ 10 ፓውንድ ጨምረው ቢሰጡ፣ እኔ 2.50 ፓውንድ ያህል ጨምሬ እሰጣለሁ፤ ውጤቱ ይህ ነው። ገጹን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የአጎትየው 5 ፓውንድ ከሆነ ተከታዩም አምስት ይሰጣል፤ 50 ከሆነ አምስት መስጠት ያሳፍራል። ልማዱ ለኛ አዲስ አይደለም፤ የሠርግም የለቅሶም መዝገብ ያየ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ኒኮላ ራይሃኒና ሳራ ስሚዝ ያወጡት ጥናት ደግሞ ፈገግ የሚያሰኝ ነው፦ መልከ መልካም ሴት በለመነችበት ገጽ ላይ አንድ ወንድ ትልቅ ስጦታ ካደረገ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ወንድ ሊበልጠው ይሞክራል።

እነዚህ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ የሚሰበሰበውን መጠን የሚወስነው ከርቀቱ ይልቅ የለማኙ የወዳጅ ክብ ስፋትና የመጀመሪያዎቹ ሰጪዎች እጅ እንደሆነ ይጠቁማሉ። በቁርጥ አረጋግጠውታል ማለት ግን አይቻልም፤ አንድ ዓይነት ሰዎችን ለተለያየ ርቀት አሰልፎ የሚያወዳድር ሙከራ ይጠይቃል።

ሐኪሞቹ ምን ይላሉ?

ለጀማሪው ከሚጨነቁት ወገን ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው ማራቶን ልብና ጉልበት ይበላል ይላል፤ ሌላው ከሶፋ ላይ የተነሣ ሰው ምን ቢሆን ይሻለዋል ይላል። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው።

የሚያበረታታው ማስረጃ የመጣው ከራሱ ከለንደን ማራቶን ነው። በ2020 የወጣ ጥናት 138 ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጡ ጤነኛ ሰዎችን ከልምምድ በፊትና ከውድድሩ በኋላ መረመረ። ከልብ የሚወጣው ዋና የደም ቧንቧ የአራት ዓመት ያህል ወጣትነት አግኝቶ ተገኘ፤ የደም ግፊታቸውም ትንሽ ወረደ። ይበልጥ የተጠቀሙት ዕድሜያቸው ገፋ ያሉና ዘገምተኛ የሆኑት ናቸው። የጉልበት ኤምአርአይ ያነሣ ሌላ ጥናት ደግሞ 82 ጀማሪዎችን ተከታትሎ፣ ልምምዱን ችለው ሩጫውን የጨረሱት 71ዱ እንደሆኑ ይነግረናል። ከጉልበት በታችና በላይ ባሉት አጥንቶች ላይ የነበረ ጉዳት ሲሻሻል፣ ከጉልበት ሎሚው ሥር ያለው ለስላሳ ሽፋን በአንዳንዶቹ ባሰበት፤ ሕመም ግን አልተሰማቸውም። እዚህ ላይ አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ፦ የተለካው የማራቶኑ ቀን ሳይሆን የወራቱ ልምምድ ጥቅም ነው። ያንኑ ልምምድ አድርጎ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ተመሳሳይ ጥቅም አያገኝም የሚያሰኝ ምንም የለም።

የሞት ፍርሃት ከመጠኑ በላይ ተነግሯል። በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2010 በማራቶንና በግማሽ ማራቶን ከሮጡ 10.9 ሚሊዮን ሰዎች ልባቸው በድንገት የቆመው 59 ነበሩ፤ 42ቱ ሞቱ። ማራቶን ከግማሹ ይልቅ አደገኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቢሆንም ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ገደማ ነው። በ2025 የታተመው ተከታይ ጥናት እስከ 2023 ያለውን ጊዜ አይቶ፣ ልብ የሚቆምበት መጠን እንዳልተለወጠ፣ የሚሞተው ግን በግማሽ እንደቀነሰ አሳየ። በየመንገዱ የልብ ማስነሻ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው መኖሩ ሰውን አትርፏል።

ጀማሪን በተለይ የሚነካው ሌላ ነገር ነው። በ2002 የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው የሶዲየም መጠናቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር፤ ሦስቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ደረጃ ላይ ነበሩ። ምክንያቱ ውኃ ማጣት ሳይሆን ውኃ ማብዛት ነው። አደጋው የበዛው ከአራት ሰዓት በላይ በፈጁትና በሩጫው ላይ ክብደት በጨመሩት ላይ ነው። አሸናፊው ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሚሮጥ ብዙ ለመጠጣት ጊዜም የለው። በዝግታ የሚሄደው ጀማሪ ግን በየጣቢያው ቆሞ ኩባያ ያነሣል፤ «ጠጣ፣ ጠጣ» የሚለው መካሪም አይጠፋም።

ከሁሉም የተለመደው ግን የእግር ጉዳት ነው። ልዩ ልዩ ጥናቶችን ያጠቃለለ የ2015 ሥራ ጀማሪዎች በ1,000 የሩጫ ሰዓት 18 ገደማ ጉዳት እንደሚደርስባቸው፣ ልምድ ያላቸው የመዝናኛ ሯጮች ግን 8 ገደማ እንደሆነ አስልቷል። ይህን ለመከላከል ከአሠልጣኝ አፍ የማይጠፋው ምክር «በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር» ነው። በኔዘርላንድስ 532 ጀማሪዎች ለሁለት ተከፍለው ምክሩ ተፈተነ፤ አንዱ ቡድን በ13 ሳምንት ቀስ እያለ፣ ሌላው በ8 ሳምንት። የተጎዳው ከአንዱ 20.8፣ ከሌላው 20.3 በመቶ ነበር። ምክሩ ዋጋ የለውም ለማለት ግን መቸኮል አይገባም። በ2025 የወጣ ከ5,000 በላይ ሯጮችን የተከታተለ ጥናት አደጋው ያለው በሳምንቱ ድምር ሳይሆን በአንዱ ቀን ላይ መሆኑን ጠቁሟል፦ ባለፉት 30 ቀናት ከሮጡት ረጅሙ በ10 በመቶ ያለፈ ሩጫ ጉዳቱን ከፍ ያደርጋል፤ ከእጥፍ ካለፈ ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ። ማለትም ሳምንቱን ሙሉ ሳይሮጥ ቀርቶ እሑድ ሊያካክስ የሚወጣ ሰው ነው የሚጎዳው።

ለዝግጅት ከሁሉ የታወቀው ጆሽ ክላርክ በ1996 ያወጣው የዘጠኝ ሳምንት መርሐ ግብር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት 60 ሴኮንድ ሩጫና 90 ሴኮንድ እርምጃ እያፈራረቁ ነው፤ መጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር። ኋላ የብሪታንያ ጤና አገልግሎት ተቀብሎት በስልክ መተግበሪያ አወጣው። በ1972ቱ ኦሎምፒክ የተወዳደረው አሜሪካዊው ጄፍ ጋሎዌይ ደግሞ በማራቶንም ቢሆን በየመካከሉ መራመድን አስተምሯል። በጀርመን የተደረገ አነስተኛ ጥናት እንዲህ የሚያፈራርቁ ጀማሪዎች ያለ እረፍት ከሮጡት ብዙም ሳይዘገዩ፣ በአነሰ የጡንቻ ሕመም እንደጨረሱ አግኝቷል። መራመድን እንደ ሽንፈት የሚያዩ ሰዎች ለክብራቸው ነው እንጂ ለእግራቸው አይከራከሩም።

ገንዘቡ ዝም ብሎ ቢሰጥስ?

ተቺዎቹ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ወጪ ቆጣሪዎች ናቸው። የሚወዱት ምሳሌ በሩጫ ላይ ሳይሆን በፓራሹት ላይ ነው። በ1999 የታተመ የስኮትላንድ ጥናት ለበጎ አድራጎት በፓራሹት የዘለሉ ጀማሪዎችን የአምስት ዓመት ጉዳት ቆጥሮ፣ ለተሰበሰበው እያንዳንዱ አንድ ፓውንድ የሕዝብ ሆስፒታሉ 13.75 ፓውንድ እንዳወጣ አሰላ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሩጫ ግን ከፓራሹት ጋር አይመሳሰልም፤ ወራት የሚፈጅ ልምምዱ ራሱ ጤና ያመጣል። ምሳሌው የሚያስተምረው፣ ያለ ዝግጅት የሚደረግ አስደናቂ ነገር ለድርጅቱ ገቢ፣ ለሌላው ወጪ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ሁለተኞቹ ስጦታ በውጤት ይመዘን የሚሉት ናቸው። ሯጩ ድርጅቱን የሚመርጠው ዘመዱ በታመመበት በሽታ ወይም ቦታ በሰጠው ድርጅት ነው እንጂ፣ ብሩ የበለጠ ሕይወት በሚያድንበት አይደለም ይላሉ። ነቀፋው ውኃ ያነሣል። መልሱም ግን አለ፦ ይህ ሯጭ ባይለምን ኖሮ ወዳጆቹ ያንኑ ገንዘብ ለወባ አጎበር ይሰጡ ነበር ወይ? አብዛኛው ስጦታ ለዓላማው ሳይሆን ለለማኙ ነው። የተሰጠው ለሰውየው ነው፤ ድርጅቱ በእሱ በኩል ደረሰው።

ሦስተኞቹ የከበዱት ናቸው። ሳማንታ ኪንግ በ2006 ባሳተመችው «ፒንክ ሪበንስ፣ ኢንክ.» የተባለ መጽሐፍ የጡት ካንሰር ሩጫዎችን ስትመረምር፣ በሽታው የመንግሥትና የፖሊሲ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የሮዝ ቲሸርትና የኩባንያ ማስታወቂያ ሆነ ብላ ተከራክራለች። በ2020 ወረርሽኝ ወቅት መቶ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት ካፒቴን ቶም ሙር ግቢያቸውን መቶ ጊዜ እየዞሩ ለብሪታንያ ጤና አገልግሎት በጎ አድራጎቶች ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲያሰባስቡ ይኸው ጥያቄ ተነሣ፦ በግብር የሚተዳደር ሆስፒታል በሽማግሌ እርምጃ ሊደገፍ ይገባል? በኋላ በስማቸው በተቋቋመው ፋውንዴሽን ላይ የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ፣ በ2024 የቤተሰባቸው አባላት ጥፋት እንደፈጸሙ ደምድሟል። የመጀመሪያው ገንዘብ በቦታው ደርሷል፤ ስሙ ያመጣው ገንዘብ ነው ያጠራጠረው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ሰው ግን አይለይም።

በአዲስ አበባ

በእኛ አገር ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. (2001) ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲመሠርተው 10,000 ሰው ነበር፤ አሁን ከ40 ሺህ በላይ ይሰለፋል። የመጀመሪያው የሩጫው ኃላፊ እንግሊዛዊው የማራቶን ሯጭ ሪቻርድ ኔሩርካር ነበር፤ ሐሳቡም በብሪታንያ ብሬንዳን ፎስተር በ1981 ከጀመረው «ግሬት ኖርዝ ረን» ጋር ዝምድና አለው። ሆኖም እዚህ የበቀለው ከለንደን ይልቅ የብዛትን መንገድ ይመስላል። ተሳታፊው ቲሸርት ይገዛል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ወይም ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይወጣል፣ እየጨፈረ፣ ውኃ እየተረጨ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ከቆላ ወይም ከውጭ ለመጣ ጀማሪ ጭፈራው ራሱ ጥሩ የሕክምና ምክር ነው፤ ፍጥነቱን ይገታለታል። ለበጎ አድራጎት የሚውለው ገንዘብ ከአዘጋጁ፣ ከኩባንያ ድጋፍና ከውጭ መዋጮ ይዘው ከሚመጡ ሯጮች ነው የሚሰበሰበው፤ አንድ የቦሌ ልጅ ዘመዶቹን በኪሎ ሜትር አስፈርሞ ሲሮጥ ማየት ብዙ አልተለመደም።

ምክንያቱ የመስጠት ልማድ ማነስ አይደለም። ለሕመምተኛ ማሳከሚያ በባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚዋጣው፣ በእድርና በማኅበር የሚሰበሰበው ገንዘብ ቀላል አይደለም። እዚህ ግን ለማኙ እንዲደክም አይጠበቅም፤ ችግሩ ከተነገረ ይበቃል። የ«ሰማዕትነት ውጤት» በአበሻ ለጋሽ ላይ ይሠራ እንደሆነ መፈተኑ ለአገር ውስጥ ተመራማሪ መልካም ርዕስ ነው። ከውጭ የሚመጣውን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የአውሮፕላን ትኬቱንና ሆቴሉን ከራሱ ኪስ የከፈለ ሯጭና ከተሰበሰበው ላይ ያስከፈለ ሯጭ አንድ አይደሉም። ለጋሹ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ክርክሩ ያልዘጋው

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ጉድለት ሐኪሞቹና ኢኮኖሚስቶቹ አለመነጋገራቸው ነው። ሐኪሙ ጀማሪውን እንደ እግርና ልብ ያየዋል፤ ኢኮኖሚስቱ እንደ መዋጮ ገጽ። ሁለቱን የሚያገናኘው ፊርማው ነው። 2,000 ፓውንድ ለማምጣት የፈረመ፣ ግማሹን ከእናቱና ከአለቃው የተቀበለ ጀማሪ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቅልጥሙ ቢያመው ምን ያደርጋል? ያልፈረመ ሰው ያርፋል። የፈረመው ኪኒን ውጦ ይወጣል ብሎ መገመት አይከብድም። በእኔ ግምት የዚህ ልማድ እውነተኛ አደጋ ርቀቱም ሆነ ልቡ ሳይሆን፣ አካል «ቁም» ሲል ቃል «ቀጥል» ማለቱ ነው። ጉዳት ለደረሰበት ሯጭ ቦታውን ወደሚቀጥለው ዓመት የማዛወር አሠራር ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ አንዳንዱ ያለ ጥያቄ ይፈቅዳል፣ ሌላው መዋጮው መጀመሪያ ይግባ ይላል።

ስለዚህ ለጀማሪ፦ የመጀመሪያው ዓመት 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ይሁን። የሚያገኙት ጤና ከልምምዱ ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ከወዳጆችዎ እጅ ነው የሚመጣው። ማራቶን ካማረዎ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይድረሱበት። ከመፈረምዎ በፊት ድርጅቱን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ብታመም ምን ይሆናል፣ ዝቅተኛውን መጠን ባላሟላ ልዩነቱን እኔ እከፍላለሁ ወይ፣ ከአንዱ ብር ስንቱ ለቦታ ግዢና ለዝግጅት ይውላል? በጽሑፍ ካልመለሰልዎ ሌላ ድርጅት ይፈልጉ።